ሕገ መንግሥት ሲተረጐም ዘነበወርቅ ምን አገባው?

«ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ አባባል ያደገ ሕዝብ ፍርድ በማን እጅና በምን መንገድ እንደሚሰጥ «አያገባኝም» ማለት አይገባውም ነበር። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ በተነሣ ቍጥር፣ የተማረው ክፍል ጭምር ነገሩን ለባለሥልጣኖችና ለጠበቆች ሲተወው እናያለን። በዘነበወርቅ ጉልት ሽንኩርት መድባ የምትሸጥ እናት ወይም በቀበሌ ቤት የሚኖር ጡረተኛ «ይህ ለእኔ እንጀራ አይሆነኝም» ቢሉ አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ጉዳዩ የእነርሱም ነው እንላለን፤ ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

በብዙ አገሮች ሕገ መንግሥትን የሚተረጕመው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። በእኛ አገር ግን በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 መሠረት ይህ ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጥያቄውን አስቀድሞ የሚመረምረው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን ባለጉዳዩም ራሱ ጥያቄ ሊያቀርብለት ይችላል። ከዚህም በላይ በ1993 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 251 የምክር ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ ወደፊት በሚነሡ ተመሳሳይ ጉዳዮች ላይ እንዲሠራ ደነገገ። ይኸውም አንድ ሰው የጠየቀው ለሁሉም ይተርፋል፤ ወይም ሁሉንም ይነካል ማለት ነው።

ለዚህ ምስክር አለን። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በውርስ ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከሰሰች። በዚያ ለመዳኘት እንደማትፈቅድ ብትናገርም የሚሰማት አላገኘችም፤ ከችሎት ወደ ችሎት ብትወጣም ተሸነፈች። በመጨረሻ አቤቱታዋ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰና በ1996 ዓ.ም. ተፈረደላት። አንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነውና፣ ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ተሻረ። ይህች ሴት ባለሥልጣን አልነበረችም። የያዘችው የቤተሰብ ክርክር ነበር፤ የተገኘው መልስ ግን የእያንዳንዱን ዜጋ ፈቃድ የሚያስከብር ሆነ።

ትርጉም ሁልጊዜ ለዜጋው ያደላል ማለታችን ግን አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር ሲከለክሉ፣ ቅንጅት ክስ አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም ጥያቄውን ወደ አጣሪ ጉባኤው መራው። ጉባኤው እገዳውን አልሻረውም። እንደዚሁም በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲተላለፍ፣ የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ካበቃ በኋላ ማን ያስተዳድራል የሚለውን ጥያቄ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን በትርጉም ወሰነ። የዘነበወርቅ መራጭም ድምፁን የሰጠው ከዓመት በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «አያገባኝም» ያለውንም ውሳኔው አልተወውም።

ዘነበወርቅ ደግሞ ይህን ከሌላው ሰፈር አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። በ1920ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሠራውን ሆስፒታል ተከትለው፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከቀያቸው የተገፉ ወገኖች የሰፈሩበት ቦታ ነው። ለእነርሱና ለልጆቻቸው በአንቀጽ 25 የተጻፈው እኩልነት፣ በአንቀጽ 40 የተጻፈውም የንብረት ካሣ የቃላት ጌጥ አይደለም። የእነዚህን ቃላት ስፋትና ጥበት የሚለካው ግን ተርጓሚው ነው።

«ተርጓሚው ራሱ የፖለቲካ አካል ከሆነ እኛ ብናውቅ ምን እንፈይዳለን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው። ነገር ግን ዳኛው ነፃነቱ የሚያጠራጥር ከሆነ የሕዝብ ዓይን ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ነፃ ፍርድ ቤት ባለበት እንኳ ፍርድ ብቻውን ቤት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2000 የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት፣ ከደሳሳ ጎጆዋ በተፈናቀለችው በአይሪን ግሩትቡምና በጓደኞቿ ጉዳይ፣ መንግሥት መጠለያ ያጡትን በዕቅዱ ውስጥ የማስገባት ግዴታ እንዳለበት ፈረደ። ፍርዱ በዓለም የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። እርሷ ግን በ2008 ያረፈችው የተጠየቀላትን ቤት ሳታገኝ ነው። ፍርድን የሚከታተልና የሚያስፈጽም ሕዝብ ከሌለ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ይቀራል።

ስለዚህ ለኅብረታችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የሕግ ተማሪዎቻችን በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ዘነበወርቅ ወርደው፣ ከእድሮች ጋር ተነጋግረው፣ በእድሩ ድንኳን ሥር እነዚህን ውሳኔዎች ያስረዱ፤ የሕዝቡንም ጥያቄ ይዘው ይመለሱ። ውሳኔዎቹም ተራው ሰው በሚገባው አማርኛ ተጽፈው፣ ይህችን ጋዜጣ በምናባዛበት መኪና ተባዝተው ይታደሉ። የሚጠፋው ጥቂት ቀለምና ጥቂት ወረቀት ነው። ሕዝቡ በቅሎውን ቢያጣ እንኳ በየትኛው አንቀጽ፣ በማን ትርጉም እንዳጣት ይወቅ፤ ያወቀ ዕለትም የት ሄዶ እንደሚጠይቅ አይጠፋውም።