ጠመንጃ ያልያዘው ጠበቃ

የሜክሲኮው ሰማዕት አናክሌቶ ጎንዛሌዝ ፍሎሬስ ስሙ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው አሟሟቱ ነው። ከዚያ በፊት የሠራው ይረሳል።

እ.ኤ.አ. በ1918 የሃሊስኮ ግዛት «ለ5,000 ነዋሪ አንድ ቄስ» ብሎ ደነገገ። ካቶሊኮቹ ድንጋይ አልወረወሩም። ጥቁር ለበሱ፣ ድግስ ተዉ፣ ጋዜጣ መግዛት አቆሙ። በ1919 መጀመሪያ ሕጉ ተሻረ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ አናክሌቶ ነበር፤ ካህን ሳይሆን ያኔ ገና የሕግ ተማሪ፣ በኋላ ጠበቃና የልጆች አባት።

በ1926 የፕሬዚዳንት ካዬስ ሕግ ሲመጣ ያው አድማ ተጠራ። ይህኛው መንግሥት ግን ንቅንቅ አላለም፤ ገበሬውም መሣሪያ አነሳ። የጋንዲ አድናቂ የነበረው አናክሌቶ ሲያመነታ ቆይቶ ድርጅቱን ከአመፁ ጎን አሰለፈ። ራሱ ጠመንጃ አልያዘም።

አድናቂዎቹ ይቺን ገጽ ዘለው ያልፏታል፤ ነቃፊዎቹ ደግሞ ሰማዕትነቱን ሊነጥቁበት ይመዟታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሰላማዊ ትግል ያልሞከረ ሰው ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በቀለለ። እሱ ግን ሞክሮ፣ አንዴ አሸንፎ፣ ሁለተኛ ጊዜ የሚሰማው አጣ። ውሳኔው ስህተት ነበር የሚል ካለ በዚያ ዓመት ምን ቀርቶት እንደነበርም ይንገረን።

ኤፕሪል 1 ቀን 1927 ጓዳላጃራ ውስጥ ተያዘ። በአውራ ጣቶቹ ሰቅለው፣ ውስጥ እግሩን በስለት እየቆረጡ ሊቀ ጳጳሱ ኦሮስኮ የት እንደተደበቁ ጠየቁት። አልተናገረም። በሳንጃ ተወግቶ ሞተ። ቤታቸው ካስጠጉት የቫርጋስ ወንድማማቾች ሁለቱ፣ ሆርሄና ራሞን፣ በዚያው ቀን ተረሸኑ።