የበዓሉን መዋያ ከአጥማጆች እንጠብቅ

የዐቢይ ጾም ሊፈጸምና የትንሣኤ በዓል ሊከበር ሲቃረብ በየቤቱ የዝግጅቱ ግርግር ይበረታል። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዕንቁላሉና በጉ ይገዛል፤ ልጅ ለወላጁ፣ ወንድም ለእኅቱ፣ በዐረብ አገርና በሌላም ባሕር ማዶ የሚኖረው ወገን ለቤተ ዘመዱ የበዓል መዋያ ይልካል። ይህ ገንዘብ ቀድሞ በመንገደኛ እጅ፣ አለዚያም በባንክ መስኮት ተሰልፎ የሚደርስ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመሩ፣ ባንኮችም አገልግሎታቸውን በእጅ ስልክ ካደረጉ ወዲህ ግን ከከተማ ገጠር በደቂቃ ይደርሳል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በፈጠነበት መንገድ ሌባውም ፈጥኖ መምጣቱን ልብ ልንል ይገባል።

በእንግሊዝኛ «ፊሺንግ» የሚባለው ይህ የማታለል ዘዴ ስሙን ያገኘው ከዓሣ ማጥመድ ሲሆን፣ ቃሉ የተለመደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የኢንተርኔት ደንበኞች የይለፍ ቃል ይሰረቅ በነበረበት ወቅት ነው። ስሙ ለግብሩ የተገባ ነው። አጥማጅ ዓሣውን አያሳድድም፤ መንጠቆውን በምግብ ሸፍኖ ይጥልና ይጠብቃል። ይህም ሌባ ካዝና አይሰብርም፤ ባለቤቱ ራሱ በሩን እንዲከፍትለት ያደርጋል እንጂ።

መንጠቆው ልዩ ልዩ ነው። አንዱ «ለበዓሉ ሽልማት ደርሶዎታል፤ ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል መልእክት ነው። የሚከፈተው ገጽ የድርጅቱን ዓርማና ቀለም አስመስሎ የተሠራ ሲሆን የስልክና የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃል። ሌላው «ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነውና አሁን በስልክዎ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ጥሪ ነው። ያቺ ቁጥር የቤቱ ቁልፍ ናት፤ ደዋዩ የሰውን ሒሳብ በራሱ ስልክ ለመክፈት የጎደለችው እርሷ ብቻ ናትና።

ከሁሉ የከፋው ግን በርኅራኄ የሚያጠምደው ነው። በመጀመሪያ ገንዘብ ገብቷል የሚል ሐሰተኛ መልእክት ይላካል። ቀጥሎም «እናቴ፣ በስህተት ልኬብዎት ነው፤ የበሽተኛ መታከሚያ ነበር፤ ይመልሱልኝ» የሚል የልቅሶ ድምፅ ይሰማል። አዛውንቷ እናት የሰው ገንዘብ በእጄ አይደር ብለው ያላቸውን ይልካሉ፤ የገባ ነገር ግን አልነበረም። እንዲሁም የተሰረቀ የቴሌግራም አድራሻ በዘመድ ስም ብድር ይለምናል፤ የማይታወቅ ሰው በገዳም ስም ርዳታ ይሰበስባል።

እኛን እጅግ የሚያሳስበን የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ይህ ሌባ የሚነግደው በስግብግቦች ምኞት ብቻ ሳይሆን በቅኖች ታማኝነትና በለጋሾች እጅ ነው። የተታለለ ሁሉ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ብሎ እጁን ቢሰበስብ፣ በእርግጥ የታመመውና የተቸገረው ወገን ያለ ረዳት ይቀራል። ስለዚህ መፍትሔው መጨከን ሳይሆን ማጣራት ነው።

ማጣራቱም ከባድ አይደለም። ገንዘብ ለመቀበል የምሥጢር ቁጥር አያስፈልግም፤ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛም ይህን ቁጥር አይጠይቅም። መታመን ያለበት የደረሰን መልእክት ሳይሆን ራሳችን ከፍተን ያየነው ቀሪ ሒሳብ ነው። በገበያ የቆመው በግ ሻጭም ገዢው በስልኩ የሚያሳየውን ደረሰኝ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ አይቶ በጉን ያስረክብ። በእውነት በስህተት የገባ ገንዘብ ቢኖር በድርጅቱ በኩል ይመለሳል። ዘመድ በጽሑፍ ቢለምን በሚታወቀው ቁጥሩ ደውሎ ድምፁን መስማት፣ ለቤተ ክርስቲያን ርዳታ ቢጠየቅ ሰበካ ጉባኤውን መጠየቅ ይገባል። ከሁሉ በላይ የሚያጣድፍ ሰው ይጠርጠር፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳልና።

የተታለለም ሰው በኀፍረት ዝም አይበል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው ወዲያው የምሥጢር ቁጥሩን ለውጦ ለቴሌብር በ127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 ይደውል፤ ለፖሊስም ያመልክት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በወንጀል ያስቀጣል። ቤተሰቡም ተጎጂውን በመውቀስ ፈንታ ቢያበረታታው የሚቀጥለው ሰው ይድናል፤ ሌባው ከሚተማመንባቸው ነገሮች አንዱ የተጎጂው ዝምታ ነውና።

ሸክሙ ግን በቤተሰብ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ከዝውውሩ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስቡ ድርጅቶች በበዓል ሰሞን የጥሪ መቀበያቸውን ማጠናከር፣ የተጠረጠረ ሒሳብን ሳይዘገዩ ማገድ፣ ማስጠንቀቂያቸውንም ማንበብ ለማይችለው ወገን በድምፅ ማድረስ ግዴታቸው ነው እንላለን።

በበዓሉ ዕለት ቤተ ዘመድ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው ይህን ለአያቶቻቸው በትዕግሥት ያስረዱ። ዶሮና በግ ይዘው እንደሚመጡት ሁሉ ይህም ታላቅ ስጦታ ይሆናል።

መልካም የትንሣኤ በዓል!