የወር ኮንትራት ምግብ፤ ከመክፈል በፊት መቁጠር

ከትምህርት ዓለም ወደ ሥራ ዓለም የሚሻገር ወጣት ሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የመኝታና የምግብ ጥያቄ መሆኑ የታወቀ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሳለን ካርዳችንን አሳይተን እንበላ ስለ ነበር፣ ምግቡ በወጪ መጋራት ሰነድ እንደሚታሰብብን እንኳ ትዝ የሚለን በምረቃው ሰሞን ነበር። ማእድ በገንዘብ እንደሚቆጠር የተማርነው ወረዳ ከተማ ከደረስን በኋላ ነው።

በጌዴኦ ዞን፣ በኮቸሬ ወረዳ በምትገኘው በጨለለቅቱ፣ እንደ ሌሎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ሁሉ፣ ቤተ ሰቡን በሌላ ስፍራ ትቶ የመጣ ሠራተኛ ኮንትራት ይበላል። ይኸውም የወሩን ሒሳብ ለምግብ ቤቱ አስቀድሞ ከፍሎ ምሳና ራቱን በየዕለቱ መመገብ ነው። ጥቅሙ አይካድም፤ ደመወዝ ባለቀበት ሳምንት እንኳ ማእዱ አይጎድልም፤ ዋጋውም በነጠላ ከሚከፈለው ይረክሳል።

ዳሩ ግን ርካሽ የሚሆነው ለሚበላው ሰው ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በነጠላ 100 ብር የሚሸጠው ምግብ በኮንትራት 80 ብር ሆነ እንበል። የ30 ቀን ምሳና ራት 60 ማእድ ነውና 4,800 ብር ይከፈላል። ሠራተኛው ቅዳሜና እሑድን በየሳምንቱ ዲላ ከዘመዶቹ ጋር የሚያሳልፍ ከሆነ በአራት ሳምንት 16 ማእድ ይቀርበታል። የበላው 44 ነው፤ ይህንንም በነጠላ ቢከፍል 4,400 ብር በሆነለት ነበር። ቆጠብሁ ብሎ 400 ብር ከሰረ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ኮንትራት የሚያተርፈው ከ48 ማእድ በላይ ለሚበላ ሰው ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በፍሎሪዳ በሚገኘው በዋልት ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ለእንግዶች አስቀድሞ የሚሸጥ የምግብ ኮንትራት አለ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ በ2016 ዓ.ም. ተመልሷል። እንግዳው ከሆቴሉ በሚለቅበት ዕለት፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ያልተበላው ማእድ ሁሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጐብኚዎች ከመክፈላቸው በፊት የሚበሉትን ይቆጥራሉ።

እኛ ግን ሳንቆጥር ከፍለን፣ ለሥራ ጉዳይ አንድ ሳምንት ዲላ ቆይተን ስንመለስ፣ የቀረብን ማእድ ይካካስልን ብለን ባለቤቷን ሞገትናቸው። እሳቸውም፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ያልበላችሁት እንጀራ እኮ ተጋግሯል» አሉን። አፈርን። ጤፉና ሽንኩርቱ የተገዛው በእኛው ገንዘብ፣ እኛን ታስቦ ነበርና። ደግሞም በወሩ መካከል የገበያው ዋጋ ሲወጣ በተቀበሉት ሒሳብ የሚያበሉን እሳቸው መሆናቸውን አላሰብንም ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ከቅሬታ የሚያድነው ግልጽ ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል። ውሉም ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የማእዱ ቁጥር ስንት ነው? ለመንገድ የሚነሣ ሰው ከስንት ቀን በፊት ቢናገር ይያዝለታል? በጾም ቀን ምን ይቀርባል? ዋጋ ቢጨምር ከመቼ ይጀምራል? እነዚህ አራት ነጥቦች በአንድ ገጽ ደብተር ላይ ተጽፈው ሁለቱም ቢፈርሙባቸው ይበቃል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሕዝብን ገንዘብና መዝገብ ሊይዝ የተሾመ ወጣት፣ የራሱን ማእድ መቁጠርና ውሉን መጻፍ ከተሳነው የሌላውን እንዴት ሊጠብቅ ይችላል? እንግዲህ በሚመጣው ወር ደመወዛችንን ይዘን ወደ ምግብ ቤቱ ከመሄዳችን በፊት እስክሪብቶ እናንሣ።