የበጎ ፈቃድ ምርመራው ካለቀ በኋላ ተማሪው ምን ይዞ ይመለሳል?

ክረምት በመጣ ቁጥር የጤና ተማሪዎች በየሰፈሩ ድንኳን ጥለው የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ሲያደርጉ እናያለን። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓዎችም በመስጂድ ደጃፍ ተመሳሳይ ዘመቻ ያካሂዳሉ። ኸይር ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ከዘመቻው የሚተርፈው ፎቶና ሰርተፊኬት ብቻ ከሆነ ተማሪውም ተመርማሪውም ከስረዋል ብለን እናምናለን።

ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ ጅማም ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር በማስተሳሰር ይታወቃል። ያ ግን ነጥብ የሚሰጥበት ትምህርት ነው። ማንም ሳይመዝነው የሚሠራ ተማሪ የሚማረው ሌላ ነገር ነው።

የረመዷንን ጉዳይ እንውሰድ። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ አባት መጾም ይፈልጋሉ። ተማሪው «አይጹሙ» ብሎ ይመክራቸዋል። እሳቸውም አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ፣ ይጾማሉም፤ መድኃኒቱንም በራሳቸው ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ። ምክሩ ስህተት ስለሆነ አይደለም። የዒባዳ ጥያቄ ላነሳ ሰው የሐኪም መልስ ብቻ ስለተሰጠው ነው። በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው የተሰጠውን ሩኽሳ ከኢማሙ ሲሰሙት ግን ነገሩ ይለወጣል። ጣት ተወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያስፈታ ባለማወቅ ቀኑን ሙሉ ሳይለኩ የሚውሉ ብዙ ናቸው። ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ ወይም ከ300 በላይ ሲወጣ ማፍጠር እንደሚገባም መነገር አለበት። የመድኃኒት መጠን መቀየር ግን የሐኪም እንጂ የተማሪ ሥራ አይደለም፤ ይህን ወሰን ማወቅም ራሱ ትምህርት ነው።

ከኢማሙ አጠገብ ተቀምጦ ይህን ያየ ተማሪ ከመናገር በፊት መጠየቅን ይለምዳል። የወደፊት ሥራውንም በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል። ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ መቆምን ብቻ ያስብ የነበረ የፋርማሲ ተማሪ የሕሙማን ክትትልን ወይም የኅብረተሰብ ጤናን ያስባል። የጤና ተማሪ ያልሆነውም ቦታ አለው፦ መዝገቡን የሚይዝ የስታቲስቲክስ ተማሪ፣ ለእናቶች በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ የሚያስተረጉም የቋንቋ ተማሪ። በተለይ እህቶቻችን! ብዙ እናቶች ስለ ማሕፀናቸው ለወንድ ተማሪ አይናገሩም፤ እንደ ልጃቸው ለምትቀርባቸው ተማሪ ግን ይናገራሉ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአብዛኛው በሴቶች ላይ የቆመው በከንቱ አይደለም።

ይህን ስንል በጎ ፈቃድ ሥራ ያስቀጥራል እያልን አይደለም። ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ ሐኪሞች ባሉበት፣ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አገር በሰማበት ጊዜ ለወጣት እንዲህ ብሎ ቃል መግባት ማታለል ነው። የተማሪን ጉልበት በባለሙያ ቦታ በነጻ ማሠራትም እንዲሁ።

ትልቁ ጉድለት ግን ክትትል ነው። ግፊቷ 180 በ110 መሆኑ ተነግሯት ምንም ወረቀት ሳትይዝ ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት ተመረመረች አይባልም፤ ደነገጠች እንጂ። ውጤቷ የተጻፈበት ወረቀት፣ የምትሄድበት ጤና ጣቢያ ስም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ሄዱ ወይ እናቴ?» የሚል አንድ ስልክ ያስፈልጋታል። ያን ስልክ የሚደውለው ተማሪ ከድንኳኑ ቀን የበለጠ የሚማረው ያኔ ነው፤ «አልሄድኩም፣ የትራንስፖርት አጣሁ» የሚለውን መልስ የሚሰማው እሱ ነውና።

በሚቀጥሉት ዓመታት ረመዷን የሚውለው በየካቲትና በጥር፣ ተማሪው ግቢ ውስጥ ባለበት ወቅት ነው። የስኳር ሕሙማን ከጾሙ ስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪም ማየት አለባቸው፤ ይህም ረጀብ ላይ ማለት ነው። የየግቢው ጀመዓዎች በአቅራቢያቸው ያለውን ኢማምና ጤና ጣቢያ ማነጋገር ያለባቸው ከዚያ በፊት ነው።