«ገበሬው ተስማምቷል» ከማለት በፊት

አንድ የገበሬ ማኅበር መሪ በወረዳ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የእኛ ገበሬ ይህን ይፈልጋል» ወይም «ይህን አይቀበልም» ሲል፣ የሚናገረው በራሱ አንደበት ቢሆንም ቃሉ የብዙ ቤተሰብ ቃል ሆኖ ይመዘገባል። በዚያም ቃል መሠረት ማዳበሪያ ይታዘዛል፤ ዘር ይመደባል፤ የወል ግጦሽ ይከለላል። ስለዚህ በሌላው ስም መናገር እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ቃሉ የተዛባ እንደሆነ ስሕተቱ በመዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ማሳ ይወርዳል።

የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት ሲሆን፣ አንድ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲደራጅ ተወስኖ ነበር። ዛሬ የአስተዳደር ስሙ ቀበሌ ቢሆንም በብዙ ቦታ የገጠሩ ሰው «ገበሬ ማኅበር» ማለቱን አልተወም። ከጥንት ጀምሮ የመሪው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው የላይኛውን መመሪያ ለአባላት ማድረስ፣ ሁለተኛው የአባላትን ድምፅ ወደ ላይ ማድረስ። ያለፈው ታሪካችን እንደሚያሳየው የመጀመሪያው መንገድ ሰፊ፣ ሁለተኛው ግን ጠባብ ነበር።

ለዚህ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። በ1971 ዓ.ም. ከወጣው መመሪያ ወዲህ ማኅበራቱ ሲስፋፉ፣ ገበሬው መሬቱንና በሬውን አንድ ላይ ያዋለው በፈቃዱ መሆኑ ሲነገር ቆየ። ከ1977 እና ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ክፍላተ ሀገር በተካሄደው የመንደር ምሥረታም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከነባር ቀዬው ሲነሣ እንዲሁ «ወዶ ነው» ተባለ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው ከማኅበሩ መውጣት እንደሚችል ሲነገረው ግን፣ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ብዙ ሰውም አዲሱን መንደር ትቶ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ይህ ሁሉ ገበሬ ሐሳቡን በአንድ ጀምበር ለወጠ ማለት አይቻልም። ብዙው ከመጀመሪያውም ያልተስማማ ነበር፤ የተስማማው በሪፖርት ላይ ብቻ ነበር።

የእህል ኮታውም ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል የሚገዛው ከገበያው ባነሰ በተቆረጠ ዋጋ ነበር። የደረሰበትን ኮታ ለመሙላት ሲል ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ነበር። እንዲህ ያለው ርክክብ «ማኅበሩ ኮታውን በሙሉ አስረከበ» ተብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ገበሬው የከፈለው ግን የለበትም። እርግጥ ነው፣ ኮታ ያልሞላለት መሪ ይጠየቅ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በመሪው ላይ መጣል ፍትሕ አይሆንም። ይሁን እንጂ የላይኛው አካል የታችኛውን ችግር ዘግይቶ እንዲያውቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ የሚደርሰው ቃል ሁልጊዜ «እሺ» ብቻ መሆኑ ነው።

በአንጻሩ የገበሬው ቃል ከነምክንያቱ በደረሰበት ቦታ ምን እንደተገኘ መመልከት ይጠቅማል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ዱከም የተባለው የጤፍ ዝርያ ከፍተኛ ምርት ይሰጥ ነበር። ገበሬው ግን በሚፈለገው መጠን አልተቀበለውም። በዚያን ጊዜ «ገበሬው አዲስ ዝርያ አይወድም» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ነገር ግን ገበሬው የጠላው አዲስነቱን ሳይሆን ቀለሙን ነበር፤ ጤፉ በደንብ ነጭ ስላልሆነ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። ይህ ምክንያት ለተመራማሪዎች ስለደረሰ፣ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ምርታማውን ዱከምን እጅግ ነጭ ከሆነው ከማኛ ጋር አዳቅሎ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮን አወጣ። ቁንጮም በብዙ አካባቢ ተስፋፋ። እንግዲህ አንድ «አይሆንም» ከነምክንያቱ ሲደርስ ለሥራ መነሻ ይሆናል፤ ምክንያቱ ሲቆረጥ ግን የገበሬው ስድብ ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለም። በአንድ ወቅት በአንድ ቆላማ ቀበሌ ገበሬዎች ቶሎ የሚደርሰውንና አገዳው አጭር የሆነውን ማሽላ ለምን እንዳልዘሩ ሲጠይቅ፣ «ልማዳቸውን መተው አይፈልጉም» የሚል መልስ ከሌላ ሰው ሰምቶ እንዳለ ጻፈ። በኋላ ወደዚያው ሲመለስ አንዲት እናት በትሕትና ወቀሱት። እርሳቸው እንዳስረዱት አገዳው ለከብቶቻቸው መኖ፣ ለምድጃቸው ማገዶ፣ ለቤታቸውም መሥሪያ ነው፤ አጫጭሩ ማሽላ እህሉን ቢሰጥም ይህን ሁሉ አይሰጥም። ቀድሞውኑ እርሳቸውን የጠየቀ አልነበረም።

ቃል የሚዛባባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም በገጠር ስብሰባ ዘወትር የሚታዩት ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠር ነው። በባህላችን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባላል። ገበሬው በእንግዳ ፊት «እሺ» የሚለው ብዙ ጊዜ ስለ አክብሮት እንጂ ስለ ተስማማ አይደለም። የሆዱን በሆዱ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መልሱን የሚሰጠው በማሳው ነው።

ሁለተኛ፣ የጥቂቶችን ቃል የሁሉም ማድረግ ነው። በሬ ያለውና መሬት የሚከራየው ገበሬ የሚናገረውን፣ በሬ የሌለውና መሬቱን በእኩል የሚያሳርሰው ላይስማማበት ይችላል። አባወራው «እሺ» ስላለ ሚስቱም «እሺ» ብላለች ማለት አይቻልም። በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር መደረጉ፣ አንዱ በሌላው ስም ብቻውን እንዳይወስን ለማድረግ ጭምር ነው።

ሦስተኛ፣ የተቃወመውን ሰው ቃል አሳጥሮ ማቅረብ ነው። አንድ ገበሬ ስለ ተራራው መከለል ሲነሣ፣ «ይከለል፤ ነገር ግን ሣሩን እያጨድን ለከብቶቻችን እንውሰድ» ይላል እንበል። ይህ በሪፖርት ላይ «አንዳንዶች ክለላውን ተቃውመዋል» ተብሎ ሲጻፍ ሐሳቡ ጠፋ፤ ሰውየውም የልማት ተቃዋሚ ሆኖ ተቆጠረ። በሚቀጥለው ስብሰባ አይናገርም።

አራተኛ፣ ቁጥርን ከዕቅድ መገልበጥ ነው። የማዳበሪያ ፍላጎት ከቀበሌ ተነሥቶ በወረዳ፣ በዞንና በክልል እየተደመረ ይሄዳል። ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ በመሆኑ ትእዛዙ ከዘር ወቅት ብዙ ወራት መቅደም አለበት። ታዲያ ገበሬው ሳይጠየቅ በዓምናው ቁጥር ላይ ተጨምሮ የተላከ እንደሆነ ማዳበሪያው በመጋዘን ያድራል፤ ዕዳውም በማኅበሩ ላይ ይቀራል። አሳንሶ የተላከ እንደሆነ ደግሞ ገበሬው በሐምሌ ዝናብ ባዶ ጆንያ ይዞ ይሰለፋል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። የአገር ሽማግሌ ደም ለማድረቅ በሁለት ወገን መካከል ሲመላለስ የተላከበትን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርሳል፤ ካዛባ ዕርቁ እንደሚፈርስና ሌላ ደም እንደሚፈስ ያውቃልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ወኪል የሆነ ሰው በተሰጠው ሥልጣን ልክ በቅን ልቡና እንዲሠራና ለወካዩ ስለ ሥራው እንዲያስረዳ ያስገድዳል። የአንድን ሰው በሬ ለመሸጥ የተወከለ ሰው ይህን ያህል ከተጠየቀ፣ የአንድን ቀበሌ ቃል የያዘ ሰው ይበልጥ ሊጠነቀቅ እንደሚገባው የሚያጠራጥር አይደለም።

በተግባርም መሪዎች የሚከተሉትን ቢያዘወትሩ ይጠቅማል። ስብሰባው ከመበተኑ በፊት ቃለ ጉባኤው ጮክ ተብሎ ይነበብ። የተስማማው ብቻ ሳይሆን ያልተስማማውም ስንት እንደሆነና ምክንያቱ ይጻፍ። የተቃወመው ሰው ሐሳብ በፊቱ ተነግሮ «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ይታረም። ሴቶችና ወጣቶች በትልቁ ስብሰባ የማይናገሩ ከሆነ ለብቻቸው ይጠየቁ። መሪው በወረዳ ሲናገር «አባላቱ ያሉት ይህ ነው» የሚለውንና «እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው» የሚለውን ለይቶ ያስቀምጥ፤ የራስን አስተያየት መናገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ የራስን በሌላው ስም መናገር ነው። ከወረዳ ሲመለስም ምን ብሎ እንደተናገረና ምን መልስ እንዳገኘ ለአባላቱ ያስረዳ።

የወረዳ ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። «ገበሬዬ አልተቀበለውም» ያለውን መሪ እንደ ደካማ የሚቆጥር ቢሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኘው የተስተካከለ ሪፖርት ነው፤ እውነቱን የሚያውቀው ግን በመኸር ነው።

በ1982 ዓ.ም. የፈረሱት ማኅበራት ያስተማሩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ገበሬው ያላለውን «ብሏል» ብሎ የተሠራ ሥራ፣ ገበሬው ራሱ የመናገር ዕድል ባገኘ ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ መሪው «ገበሬው ተስማምቷል» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ገበሬውን አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቅ።