የአፈሩ ጉብታና የድማሚቱ ጢስ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ባሮ ወንዝ ጋምቤላን ከተማ አልፎ ወደ ምዕራብ ይወርድና ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት የሚል ስም አውጥቶ ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። ከሶባት በስተደቡብ፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በተባለው አገር፣ ዌይዴያንግ በሚባል ሥፍራ አንድ የአፈር ጉብታ አለ። ኑዌሮች ቢዬ ይሉታል። ድንጋይ በማይገኝበት፣ ሣርና ረግረግ ብቻ በሚታይበት ሜዳ ላይ የሰው እጅ ያቆመው ነው። የጋምቤላ ኑዌሮችም ይህን ጉብታ እንደ ባዕድ አገር ነገር አይቆጥሩትም፤ አያቶቻቸው ተሳልመውታልና።

ስለዚህ ጉብታ ለመጻፍ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተማረ ወጣት ሕዝብን እንዲያገለግል ወደ ሩቅ ወረዳ ሲላክ ከመዝገቡና ከማኅተሙ ጋር ምን ዓይነት አእምሮ ይዞ መሄድ እንደሚገባው ከጉብታው ታሪክ የሚማረው አለ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ተረቱን እንስማ። ንጉንዴንግ ቦንግ የተባለው ሰው የተወለደው እናቱ የመውለጃ ዕድሜዋን ካለፈች በኋላ ነው ይባላል። አድጎ ምግብ እየተወ ብቻውን በዱር መዋልና ማደር በጀመረ ጊዜ ዘመዶቹ አበደ ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ዴንግ የሚባለው የሰማይ መንፈስ እንዳደረበት ታወቀ ይላሉ። መንፈሱም ጉብታ እንዲሠራ አዘዘው። ሕዝቡ አፈርና የከብት በረት አመድ እየተሸከመ መጣ፤ ንጉንዴንግም በሽታውንና ክፉውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስቦ ከጉብታው ሆድ ቀበረው። ተረቱ ይህ ነው።

ታሪኩስ ምን ይላል? ንጉንዴንግ በእርግጥ የኖረ ሰው ነው። ከሎው ኑዌሮች ወገን ሲሆን የመሬት ጠባቂ ከሚባሉት፣ ማለት ደም የተቃቡትን ከሚያስታርቁት ቤተ ሰብ የተወለደ ነበር፤ የሞተውም በ1906 ነው። ጉብታው የተሠራው በ19ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ ላይ ሲሆን፣ ያዩት ሰዎች ከፍታው እስከ 50 ወይም 60 የእንግሊዝ ጫማ ይደርስ እንደነበረ ጽፈዋል። በዙሪያው የዝሆን ጥርሶች ተተክለውበት ነበር። ሥራው የአንድ ጎሣ ብቻ እንዳልነበረም ይታወቃል። ከሎው ሌላ የምሥራቅ ጅካኝ ኑዌሮችም ከብታቸውን እየነዱ መጥተዋል፤ ዛሬ በጋምቤላ ክልል በጅካዎ፣ በላሬና በኢታንግ በኩል የሚኖሩት ኑዌሮች የእነዚሁ የጅካኝ ወገኖች ናቸው።

አሁን ተረቱንና ታሪኩን ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። ጉብታው የተሠራበት ዘመን በሽታ የነገሠበት ነበር። በ1880ዎቹ ማለቂያ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የኢትዮጵያን በሬ ፈጅቶ፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚያስታውሱትን ከ1888 እስከ 1892 የቆየ ረኀብ አምጥቶ ነበር። ይኸው መቅሠፍት ወደ ኑዌር ሜዳም ወርዶ ከብቱን ጨረሰ፤ ፈንጣጣም ሰውን ጎዳ። ለኑዌር ሰው ከብት ወተቱ፣ ጥሎሹ፣ የደም ካሣውና መሥዋዕቱ ነው። ከብቱ ሲያልቅበት ጋብቻውም ዕርቁም ይቆማል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዘመን አንድ ሰው ተነሥቶ «በሽታውን እዚህ እንቅበረው፤ አፈር ተሸክማችሁ ኑ» ቢል፣ የተበተነው ሕዝብ ለአንድ ሥራ መሰብሰቡ ያስደንቃልን? ተረቱ በሽታው ተቀበረ ይለናል። ታሪኩ ደግሞ ጎሣ ከጎሣ ሳይለይ ሕዝቡ በአንድነት አፈር እንደተሸከመ ያስረዳናል። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ ሌላውን ይተረጉመዋል እንጂ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከወንዙ ራስጌና ግርጌ የነበሩት መንግሥታት ስለ ወሰን ይነጋገሩ ነበር። ግንቦት 15 ቀን 1902 ዳግማዊ አጤ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲለይ፣ በባሮ ዳር ከ400 ሔክታር የማይበልጥ የንግድ ሥፍራ ለሱዳን መንግሥት እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር። ጋምቤላ የወንዝ ወደብ የሆነችው በዚህ ውል ነው፤ ሥፍራውም ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰው በ1956 ነው። ወሰኑ በካርታ ላይ ሲሰመር የጅካኝ ተሳላሚ ከጉብታው ተለየ። ለእርሱ ግን መንገዱ የድሮው መንገድ፣ ውሃውም የድሮው ውሃ ነበር።

በዚያው በ1902 ብሌዊት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ወታደር አስከትቶ ወደ ዌይዴያንግ ዘመተ። ንጉንዴንግ ሳይዋጋ ገለል አለ፤ ወታደሮቹ መንደሩን አቃጥለው፣ ከብቱንና የዝሆን ጥርሱን ዘርፈው ተመለሱ። በመንግሥቱ መዝገብ ንጉንዴንግ ሕዝብ የሚያሳምፅ ጠንቋይ ሆኖ ተጻፈ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን የታሪክ ተመራማሪው ዳግላስ ጆንሰን የሽማግሌዎችን ቃልና የመንግሥቱን መዝገብ አመሳክሮ በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ሰው አሳየን። ይህ ሰው ኑዌር ከኑዌር፣ ኑዌርም ከዲንካ እንዳይዋጋ የሚመክር፣ የሚያስታርቅም ነበር። መዝገቡ ምሽግ ብሎ የጻፈው የዕርቅ አደባባይ ሆኖ ተገኘ።

ትልቁ ስሕተት የመጣው በልጁ በጉዌክ ዘመን ነው። በ1920ዎቹ የላይኛው ናይል ገዥ የነበረው ዊሊስ በሎው አገር መንገድ እንዲሠራ አዘዘ፤ ሕዝቡም ለሥራው ጉልበቱን እንዲሰጥ ተጠየቀ። ጉዌክ ተቃወመ፤ ሕዝቡም ሰማው። በዚሁ ወራት፣ በታኅሣሥ 1927፣ በሌላ የኑዌር ወገን አገር ፈርጉሰን የተባለ የእንግሊዝ ሹም ስለ ተገደለ፣ መንግሥቱ የኑዌር ሕዝብ በሞላ የሚነሣ መሰለውና አውሮፕላን አስነሥቶ ቦምብ ጣለ። በ1928 መጀመሪያም ጉብታውን ለማፍረስ ድማሚት የሚያጠምዱ መሐንዲሶች ተላኩ። የኑዌር ተወላጆችም ተሰብስበው የነቢያቸው ኃይል ከንቱ መሆኑን በዓይናቸው እንዲያዩ ተደረገ።

ድማሚቱ ፈነዳ። የሆነውን የጻፈው በቦታው የነበረው የአውራጃው ሹም ኮሪያት ነው፤ ነጭ ጢስ ቡልቅ አለ፣ ጥቂት የአፈር ጓል ተንከባለለ፤ ጉብታው ግን ቆመ። ጉዌክ በየካቲት 1929 ከዚሁ ጉብታ አጠገብ ተገደለ፤ የአባቱ የንጉንዴንግ በትርም ተወሰደ። ኮሪያት ከእንግሊዝ ሹማምንት መካከል የኑዌርን ቋንቋ አጣርቶ ለመናገር የመጀመሪያው እንደ ነበረ ይነገራል። ይህ ነጥብ ለወጣቱ ሹም ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን። ቋንቋ ማወቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰውየውን ቃል ሰምቶ ቃሉ ከልቡ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ያላስተዋለ ሹም፣ የሰማው ድምፅ እንጂ ነገር አይደለም።

«ታዲያ መንገዱ አይሠራ ኖሯል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም መንገድ ለአገር የደም ሥር መሆኑን እናውቃለን፤ ክረምት ሲገባ በጭቃ ተቆራርጦ የሚከርመው የባሮና የአኮቦ ሕዝብ ደግሞ ከእኛ የበለጠ ያውቀዋል። ጉዌክም የአባቱን ጉብታ የእምቢታ ሰንደቅ አድርጎት እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን መንገድ የሚሠራው ሹም ሕዝቡ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። ሕዝቡ ለሠላሳ ዓመታት ወደ ጉብታው ሲሄድ ኖሯል። ያንን መንገድ የናቀ መንግሥት ሌላ መንገድ ሥራልኝ ቢለው ማን ይሰማዋል?

ተረትን መናቅ ብቻ ሳይሆን ተረትን ሳይመረምሩ መዋጥም ሹምን ያሳስታል። የሩቅ ምሳሌ እናምጣ። በህንድ አገር፣ በጉጃራት ባሕር ዳር ሶምናት የሚባል የሂንዱዎች የመሳለሚያ ቤተ መቅደስ አለ። ተረቱ እንዲህ ነው፦ የጨረቃ አምላክ ከሚስቶቹ አንዷን አብልጦ ስለ ወደደ አማቱ ረገመውና እየከሳ ሄደ፤ በዚያ ሥፍራ ሺቫን ቢለምን ተፈወሰ፤ ነገር ግን እርግማኑ ፈጽሞ ስላልተነሣለት እስከ ዛሬ ድረስ ጨረቃ ትጎድላለች፣ ትሞላለችም። ታሪኩ ደግሞ የጋዝናው ሡልጣን ማሕሙድ በ1026 ቤተ መቅደሱን እንደ ዘረፈው፣ ከዚያም ሲሠራና ሲፈርስ ኖሮ በ1951 በአዲስ መልክ ታንፆ እንደ ተከፈተ ይናገራል። በ1842 የህንድ ገዥ የነበረው እንግሊዛዊው ሎርድ ኤለንቦሮ የሂንዱዎችን ልብ ለመማረክ አስቦ፣ ማሕሙድ ከሶምናት ዘረፋቸው የሚባሉትን መዝጊያዎች ከጋዝና አስነቅሎ በታላቅ ሥነ ሥርዓት አስመጣ። እንጨቱ ሲመረመር መዝጊያዎቹ የሶምናት ሆነው አልተገኙም፤ ገዥውም መሳቂያ ሆነ። አንዱ ሹም ተረቱን በድማሚት ሊያጠፋ፣ ሌላው በተረቱ ሊነግድ ሞከሩ። ሁለቱም ሕዝቡን አላወቁትም።

የሶምናት ታሪክ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለው። በ1990 አንድ የፖለቲካ ሰልፍ ከዚያው ከሶምናት ደጅ ተነሥቶ አገር ለአገር ዞረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በአዮድያ የነበረው የባብሪ መስጊድ በሕዝብ እጅ ፈረሰ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። የተበደለ ቅዱስ ሥፍራ ትዝታ መጥፎ እጅ ከገባ ሌላውን መበደያ ይሆናል። የንጉንዴንግ ቃልም ከዚህ አላመለጠም። በደቡብ ሱዳን በ2013 ማለቂያ የተነሣው ጦርነት ሕዝቡን ሲበትን፣ የነቢዩን ዝማሬዎች እየጠቀሱ «ይህን ጦርነት አስቀድሞ ተናግሮታል» የሚሉ ታጣቂዎች ተሰምተዋል። ከዚያ ጦርነት የሸሹ ከ300 ሺሕ በላይ ስደተኞች በጋምቤላ ክልል ተጠልለዋል፤ ዝማሬዎቹንም በልባቸው ይዘው መጥተዋል። በሽታንና ጠብን በአፈር ቀበረ የተባለው ሰው ጠብ መቆስቆሻ ሲሆን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። የዚህ መድኃኒቱ ዝማሬውን መከልከል አይደለም፤ ሰውየው በእርግጥ ምን እንዳደረገ፣ ምንስ እንደመከረ ለልጆች ማስተማር ነው።

ስለዚሁ በግንቦት 2009 የሆነውን እናስታውስ። የንጉንዴንግ በትር ከእንግሊዝ አገር ወደ ጁባ ተመለሰ፤ መልሶ ያመጣውም ቀደም ብለን የጠራነው ተመራማሪ ጆንሰን ነው። ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው። አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005፣ የአክሱም ሐውልት ከሮማ ሲመለስ እኛ ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደ ሆንን የሚያስታውስ ሰው ይህን ደስታ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሐውልቱ ለእኛ ድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በትሩም ለኑዌር እንጨት ብቻ አይደለም። ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሌሊት መላእክት ጠረቡ ሲባል በአክብሮት የምንሰማ ሰዎች፣ የጎረቤታችንን ተረት ስንሰማ ለምን እንስቃለን? የራስን ተረት ታሪክ፣ የሌላውን ታሪክ ተረት ማለት ከተማረ ሰው አይጠበቅም።

እንግዲህ ወደ ጋምቤላ እንመለስ። በክልሉ አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ አብረው ይኖራሉ። እያንዳንዱም የራሱ ቢዬ አለው። አኙዋዎች ከወንዝ ወጣ ስለሚሉት ሰውና ትቶት ሄደ ስለሚሉት የመኳንንት ዶቃ ይናገራሉ፤ መዠንግሮች ስለ ጫካቸው ይናገራሉ። የሚናገሩት ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ ያልፋሉ። በጋምቤላ ከተማ የምትማሩ ተማሪዎች ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ ቀዬአችሁ ስትመለሱ ደብተር ያዙ። ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንድ ወገን የሚባለውን፣ በሌላው ወገን በዓይን የታየውንና ዓመቱ የታወቀውን ጻፉ። አንዱን ከሌላው አትቀላቅሉ፤ አንዱንም ስለ ሌላው ብላችሁ አትጣሉ።

ወጣት ሹማምንት ደግሞ ሌላ ዕዳ አለባችሁ። የመንገድ ወይም የእርሻ መሬት ካርታ ከፊታችሁ ሲዘረጋ ውሃው፣ ረግረጉና ዳገቱ ተመልክቶበት ታገኛላችሁ። ሰዎች ቆመው የሚማሉበት ዛፍ፣ ደም የሚደርቅበት አደባባይ፣ አባቶች የተቀበሩበት ጉብታ ግን ሳይመለከት ይቀራል፤ ለቀያሹ የነገረው የለምና። ችካል ከመተከሉ በፊት ሽማግሌዎቹን ጠርቶ መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ያ ቀን ሳይሠራበት ቢቀር ምን እንደሚከተል የዌይዴያንግ ጉብታ ያስተምራል። ድማሚቱን ያጠመዱት ሰዎች አልፈዋል፤ የላካቸውም መንግሥት ከዚያ አገር ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጉብታው ግን ጥቂት ዝቅ ብሎ ዛሬም ቆሟል፤ ሰዎችም ይሳለሙታል።