«አንዲት ተራ ብቻ» እያሉ የሚነጋ ሌሊት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ራስ ምታትና የዓይን ማቃጠል አስቸገረኝ ብሎ ወደ ምርመራ ክፍሌ መጣ። የደም ግፊቱ ደህና ነው፤ የዓይን እይታውም እንዲሁ። ስለ እንቅልፉ ስጠይቀው ግን ፈገግ አለና «ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ጌም ስጫወት ነው የሚነጋብኝ» አለኝ። ተኩስና ሩጫ የበዛበት ጌም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የሚጫወተው ሲቪላይዜሽን የተባለውን፣ ከተማ እየቆረቆሩና ሠራዊት እያደራጁ በተራ የሚጫወቱትን የስልት ጨዋታ ነው። «ሰዓት የለውም፤ አያጣድፍም። ለዚህ ነው የምወደው» ሲል አስረዳኝ።

ብዙዎቻችን ጤና ይጎዳል የምንለው የሚያጣድፈውን ጨዋታ ነው። እኔ ግን ሰዓት የሌለውም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል እላለሁ። በሲቪላይዜሽን አንዱ ግንባታ ሲያልቅ ሌላው ተጀምሯል፤ ጦርነቱ ሲበርድ አዲስ ግኝት ሊደረስበት ሁለት ተራ ቀርቶታል። «እዚህ ላይ ይብቃ» የሚያሰኝ ቦታ የለም። ጨዋታው አሸንፈው ካበቁ በኋላ እንኳ «አንድ ተራ ብቻ ልጨምር» የሚል ምርጫ የሚያቀርብበት ጊዜ አለ።

የዚሁ ጨዋታ አዘጋጅ ፋይራክሲስ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤክስኮም 2 የተባለ ሌላ የስልት ጨዋታ አውጥቶ ነበር። በዚህኛው ብዙዎቹ ተልዕኮዎች በተወሰኑ ዙሮች ካልተጠናቀቁ ይከሽፋሉ። ገደቡ የመጣው ተጫዋቾች በቀድሞው ጨዋታ ጥግ ይዘው እያደፈጡ ቀስ በቀስ ብቻ ይጓዙ ስለነበር ነው። አንዳንዶች ገደቡ ልብ ያንጠለጥላል ብለው ወደዱት። ሌሎች ግን እንደ ቅጣት ቆጥረውት በራሳቸው ዘዴ ከጨዋታው አወጡት። በ2017 በወጣው ማሟያ አዘጋጆቹ ራሳቸው የዙሮቹን ቁጥር በእጥፍ የመጨመር አማራጭ ሰጡ። ከዚህ የምረዳው ሰው የሚጠላው ገደብን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው የጫነበትን ገደብ መሆኑን ነው።

የአስቸጋሪነት ደረጃም ከዚህ አይለይም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እንዳስረዳው ሥራው ከችሎታችን ሲያንስ እንሰለቻለን፤ ሲበልጥ እንጨነቃለን፤ ሲመጣጠን ግን በደስታ እንመሰጣለን። በዚያ ተመስጦ ውስጥ የጊዜ ስሜታችን ይጠፋል። ስለዚህ በልካችን የሆነ ጨዋታ ይበልጥ ያስደስተናል፤ ሰዓቱን ይበልጥ የሚያስረሳንም እሱ ነው። ታካሚዬ ሰነፍ ስለሆነ አልነበረም የሚነጋበት፤ ጨዋታው በጣም ስለተስማማው ነው።

ስክሪን ላይ አፍጥጠን ስንቆይ የዓይናችን ሽፋን የሚርገበገበው ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ነው፤ ዓይን የሚደርቀውና የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ሲጎድል ራስ ምታት፣ ብስጭትና የትኩረት ማጣት ይከተላሉ።

ለዚህ ወጣት «ጌም ተው» አላልኩትም። ምክሬ የሚከተለው ነበር።

አንደኛ፣ ማቆሚያውን ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑ፤ ከተመሰጡ በኋላ የሚወስነው ጨዋታው ነው። ስክሪኑ ላይ የተራው ቁጥር ስለሚታይ፣ 120ኛው ላይ ከጀመሩ 150ኛው ላይ እንደሚያቆሙ ጽፈው ያስቀምጡ። የደረሱበትን ሴቭ ካደረጉ የሚጠፋ ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ በሥራ ቀን ምሽት መጨረሻው የሚታወቅ ጨዋታ ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ ብቻ የተመደበበት ቼዝ ቢረዝም በ20 ደቂቃ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ ደረጃውን ዝቅ ማድረግ አያሳፍርም። በሲቪላይዜሽን ከፍተኛ ደረጃዎች ኮምፒውተሩ የሚበልጥዎት በብልሃት ሳይሆን በሚሰጠው ተጨማሪ ድጎማ ነው። በእኩለ ሌሊት ሽንፈትን ለመበቀል እንደገና መጀመር ለእንቅልፍ ጠላት ነው።

አራተኛ፣ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ።

ወላጆችም ስልኩን በድንገት ከመንጠቅ ይልቅ ማቆሚያውን ከልጁ ጋር አስቀድመው ቢስማሙ ይሻላል። ልጁ ራሱ የተስማማበትን ገደብ ማክበር ይቀለዋል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የጌም ሱስ ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። ምልክቶቹ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሕይወት ሁሉ ማስቀደምና ጉዳቱ እየታየ መቀጠል ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ለ12 ወራት ያህል ሊታዩ ይገባል። ሥራ፣ ትምህርት ወይም ትዳር እየተናጋ ከሆነ ግን ዓመት እስኪሞላ ሳይጠብቁ ሐኪም ያማክሩ።

ጨዋታ ድካም ሊያወጣልን እንጂ ሊጨምርብን አይገባም። ጨዋታው ሰዓት ከሌለው፣ ሰዓቱን እኛ እንስጠው።